የጥዑመልሳን ሙዚቃ ለምን ረዘመ

ኅዳር 9፣ ሰኞ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ከሳጃና፣ ከዚህ የሱዳን ዋና ከተማ ሰፈር፣ መውጣት አልችልም። አልፈልግም አይደለም፤ አልችልም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር አልፎበታል፤ የሚያድሰው ቢሮ ተቃጥሏል። ቀኝ ጉልበቴ ከአራት መቶ እርምጃ በላይ አይወስደኝም። በየትኛውም መንገድ ኬላ አለ። ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው፣ ያውም ሐበሻ ወንድ፣ «ለማን ልትዋጋ መጣህ?» ይባላል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን አንዴ ከጻፍኩ በየቀኑ አልደግመውም።

ዛሬ እንደ ሌላው ቀን። ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ከመስጊዱ ጉድጓድ። ከዚያ ተኪያ… ሰፈርተኛው ተባብሮ የሚያበስለው ድስት። ዓደስ፣ ማለትም ምስር። ሁሌም ምስር። ሰልፉ ይጋፋ ስለነበር ባለፈው ሳምንት ግድግዳው ላይ በከሰል ቁጥር ጻፍኩ፤ ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሥር እንዲቆም። ይቆማሉ።

የኔነሽ ሳህኗን ይዛ ከኋላዬ፦ «ጋሽ ይስማው፣ ጡረታ ወጣሁ እያሉ ሰው ያታልላሉ። ይኸው ሱዳንን በሙሉ አንደኛ ክፍል አስገቡት!»

«እሑድ የነቢያት ጾም ይገባል» አልኳት።

«ለእኛ መቼ ተፈታና ነው የሚገባው?»

የኔነሽ እዚሁ ሳጃና ሻይ ቤት ነበራት። ሻይ ቤቱ አሁን ጣሪያ የለውም። በአንድ ሆሽ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለነው፤ እሷ በር አጠገብ ያለው ክፍል፣ እኔ ውስጠኛው። አምስቱ ክፍሎች ባዶ። ግቢው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሃያ ሁለት እርምጃ። በሌላ በኩል አስራ ሰባት።


ኅዳር 13፣ ዓርብ

ስልክ የሚሠራው ስታርሊንክ፣ የሳተላይት ኢንተርኔት፣ ያለበት አንድ ቤት ብቻ ነው። ወንድ ሲሄድ ስልኩ ይፈተሻል፤ ስለዚህ የኔነሽ ስልኬን ይዛ ሄዳ፣ የመጣውን ይዛልኝ ትመለሳለች።

ዛሬ ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት። የሴት ድምፅ፣ የኦምዱርማን አረብኛ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «ዓሞ»፣ አጎቴ፣ እያለ እንዲህ ይላል፦

«ዓሞ ይስማው፣ ሰልሰቢል ነኝ፤ የኦመር ልጅ። ካይሮ ነው ያለሁት። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ዓሞ፣ ፊልሙ ተገኘ! አክስቴ አልጋ ሥር ነበር። ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥነው። የሙዚቃው ካሴትም አለኝ። ግን አይገጥምም። ምስሉ ያልቃል፣ ጊታሩ ይቀጥላል። አብሮኝ የሚሠራው ሰው፣ ጊታሪስቱ ተሳስቷል፣ አዲስ ሙዚቃ በዑድ እናሠራ ይላል። እስከ ጥር መጨረሻ መወሰን አለብኝ። አባቴ ደብተር ላይ ‹ልኬት፦ ኡስታዝ ይስማው› የሚል አለ። ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጊታሪስቱስ በሕይወት አለ?»

ኦመር ሞተ… አልሰማሁም ነበር።

ፊልሙ «ጭቃና እሳት»። ኦመር የሠራው በ1979 ነው። ዓባይ ዳር ጡብ የሚሠሩና የሚተኩሱ ሰዎች። አንድም ቃል አይነገርበትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዚቃ ብቻ እንዲሆን ነበር የታሰበው፤ የጥዑመልሳን ጊታር ብቻ፣ አስራ አንድ ቁራጭ። «ኡስታዝ»፣ መምህሩ፣ እኔ ነኝ፤ የእያንዳንዱን ትዕይንት ርዝመት በሩጫ ሰዓት ለክቼ የሰጠሁት።

የኔነሽ እንድትልክልኝ መልሴን ጻፍኩ፦ «አይገጥምም። ያኔም አልገጠመም። ርዝመቱን በሰከንድ ለክቼ ሰጥቼዋለሁ። ያልቆጠረው እሱ ነው። በሕይወት መኖሩን አላውቅም።» አጭርና ትክክል።


ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጥዑመልሳንን ማሰብ አልተውኩም።

በ1971 ከአዲስ አበባ ከአንድ ባንድ ጋር መጣ፤ ባንዱ ተበተነ፣ እሱ ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ሁሌ የተከፈተ። የሚጫወተው ሮክ ነበር። ጊታሩን የሚያስጮህበትን መሣሪያ ራሱ ነው የሠራው፣ ከተሰበረ ሬዲዮ፣ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ። ሆቴሎቹ ውስጥ ፈረንጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይሰማው ነበር። በ1976 የሸሪዓ ሕግ ታውጆ ክለቦቹ ሲዘጉ የሚጫወትበት አጣ። እንግዲህ የኦመር ፊልም የመጣው ያኔ ነው… ከሦስት ዓመት ሥራ ማጣት በኋላ።

ስቱዲዮ የተፈቀደላቸው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ሲቀዳ አልነበርኩም። ከፊልሙ ጋር ሲገናኝ ግን ነበርኩ። አስራ አንዱም ረዘሙ። ኦመር ፊቱ ጠቆረ። «ያ ጥዑም፣ አንድ ቁጥር ማንበብ አቃተህ?» አለው። ጥዑመልሳን እኔን አየኝ። እኔ ወረቀቱን አሳየሁት። በእጄ ጽሑፍ፣ ጥርት ብሎ።

ኦመር ሙዚቃውን አወጣው። ፊልሙ አንድ ቀን ታየና ቀረ። ጥዑመልሳን አምፕሊፋየሩን ሸጦ ካሴቱን ራሱ አሳተመ፣ ሁለት መቶ ቅጂ። ማን ይገዛል? ዘፈን የለበት፣ ጭፈራ የለበት።

በዚያ ዓመት ፋሲካ በኢትዮጵያውያን ማኅበር ግቢ አርባ ሰው ፊት አንድ ነገር ተናገርኩ። «ጥዑመልሳን እጅ አለው፣ ሰዓት የለውም።» ተሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ መምህር ሲስቁለት ደስ ይለዋል። ቃሉ ተጣበቀበት። «ሰዓት የሌለው» አሉት፤ ሰርግም ላይ የሚጠራው ጠፋ። ጊታሩን ሸጠ። ቡሪ የሚባለው ሰፈር ገብቶ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነ። በዓል ላይ እንጨባበጣለን። ስለ ሙዚቃ አንድም ቀን አላወራንም።

ልጅቷ ለምን አሁን ትጠይቀኛለች?


ኅዳር 20፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ከባድ መሣሪያ። ከክፍል አልወጣሁም። ተኪያውም አልበሰለም።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ካሴቱ እኔም ጋ አለ። ያኔ አንድ ሰጥቶኝ ነበር፣ ሳይናገር፣ እጄ ላይ አስቀምጦ። ከሃያ ዓመት በላይ አልሰማሁትም።

የኔነሽ ስልክ የምትሞላበትን የፀሐይ ሰሌዳ ተዋስኩ። ቴፑ ሠራ።

በር ላይ መጣች። «ጋሽ ይስማው! ጄኔሬተር አገኙ እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ መጀመሪያው ጄኔሬተር ይመስላል። ያ የሰርዲን ቆርቆሮ… ክሩ አንዴ ይመታና ድምፁ ይቆያል፣ ያጉረመርማል፣ ሊሞት ሲል ሌላው ክር ይይዘዋል። ከበሮ የለ። አራተኛው ቁራጭ ላይ የኔነሽ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጥረጊያዋን አልለቀቀችም።

«ይሄ ሰውዬ ለምን አይቸኩልም?» አለች።

«ለምን ይቸኩል?»

«አይ፣ እንዲያው። ሮክ አላሉም? ሮክ የሚቸኩል መስሎኝ። ይሄ እንደኛ ነው፣ የትም አይሄድም።»

እስከ መጨረሻው ሰማች። «ድገሙት» አለች። ባትሪው አልበቃም።

ቁጥር ስለማላውቅ አይደለም፣ ሙዚቃ ስለማላውቅ ነው ምናልባት… ግን ሰዓት የሌለው ሰው የተጫወተው አይመስልም። አንድም ቦታ አይደናቀፍም።


ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ሰልሰቢል ዝርዝር ላከች። እያንዳንዱ ትዕይንት ስንት ደቂቃ፣ ሙዚቃው ስንት ደቂቃ። «ዓሞ፣ የቱን ያህል እንደሳተ ይዩልኝ» ትላለች።

ስህተቱን ልደረድርበት ተቀመጥኩ። ሳልደብቅ ልጻፈው፦ ደስ እያለኝ ነው የተቀመጥኩት።

መስመር አሰመርኩ። ድልድዩ፦ ምስሉ 3፡00፣ ሙዚቃው 4፡00። ወንዝ ዳር፦ 1፡30፣ 2፡00። እቶኑ፦ 4፡12፣ 5፡37። ተሸካሚዎቹ፦ 2፡15፣ 3፡00። ምሳ፦ 0፡48፣ 1፡04…

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ይህን ለማየት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ማየት ስላልፈለግሁ ነው?

የማይቆጥር ሰው ሲሳሳት ስህተቱ ወጣ ገባ ነው። አንዱን ያስረዝማል፣ አንዱን ያሳጥራል። የተማሪ ደብተር ሳርም ስንት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ! ይህኛው ግን አስራ አንዱም ላይ የረዘመው እኩል ነው። የምስሉ አንድ ሦስተኛ። ሁሌ አንድ ሦስተኛ። እቶኑ ላይ ብቻ አንድ ሰከንድ ዘሏል።

እንደዚህ የሚሳሳት ሰው የለም። እንደዚህ የሚሳሳተው ማስመሪያ ነው።

ማስመሪያውን የያዘው ማን ነበር?


ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አልተኛሁም ማለት አልወድም፣ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን ማንሻው ትዝ አለኝ።

ትምህርት ቤታችን በእርዳታ የመጣ ፕሮጀክተር ነበረው። የጤና ፊልም የምናሳይበት። ጎኑ ላይ ሁለት ቦታ ያለው ማንሻ አለ። አንዱ 18፣ ሌላው 24፤ በአንድ ሰከንድ የሚያልፉት ምስሎች ቁጥር ነው። መመሪያው ገጽ 6 ላይ ይላል፦ ድምፅ ለሌለው ፊልም 18።

ኦመር ያመጣው ቅጂ ድምፅ አልነበረውም። እንዴት ይኖረው? ሙዚቃው ገና አልተሠራማ! እኔ ግን መመሪያውን ከፈትኩ፣ አነበብኩ፣ ማንሻውን በገዛ እጄ ወደ 18 አዞርኩ። ከዚያ በሩጫ ሰዓት ለካሁ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ሦስቱም እኩል መጡ። ኮራሁ።

ሌላ መምህር ቢሆን መመሪያ አያነብም ነበር። ማንሻው ከበፊቱ 24 ላይ ነበር፤ ኦመርም የቀረጸው በ24 ነው፤ በ18 ሲሄድ አንድ ሦስተኛ ይረዝማል።

ጥዑመልሳንም ፊልሙን ያየው እዚያው ነው፣ በሳይንስ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ በእኔ 18። አንድ ነገር ብሎ ነበር… አሁን በግልጽ እሰማዋለሁ።

«ይስማው፣ እነዚህ ሰዎች ውሃ ውስጥ ነው እንዴ የሚሄዱት?»

«ጡብ ተሸክመው ነው። ድካም ነው» አልኩት። «አንተ ዝም ብለህ ቁጠር።»

ቆጠረ። አስራ አንዱንም በአንድ ሰከንድ ልዩነት ቆጠረ፣ በጣቱ፣ ከበሮ ሳይኖረው። እንደዚህ የቆጠረ ሰው አላውቅም። እኔንም ጨምሮ።


ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ለየኔነሽ ነገርኳት። ሽንኩርት ትልጣለች፤ አንዲት ሽንኩርት ከየት እንዳገኘች አልጠየቅሁም። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰዓት የሌለው ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ስሙ መስሎኝ ነበር! ወንድሜ በተዳረ ጊዜ፣ ባለጊታሩ ይምጣ ስንል አጎቴ፣ እሱማ ሰዓት የለውም፣ ሰርጉን ያበላሸዋል አለ። እኛ ሰክሮ የሚያረፍድ ሰው መስሎን።»

ሽንኩርቷን ለሁለት ከፈለች።

«ጋሽ ይስማው፣ ተማሪ ሲሳሳት ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሰሌዳው ላይ ወጥቶ እንዲያርም አደርጋለሁ። ሁሉም ፊት።»

«እሺ። ሰሌዳው ቡሪ ነው።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ያላ፣ ይውጡ።»

ቡሪ ከዚህ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሰላሙ ጊዜ በሪክሻ፣ በባጃጅ፣ ሩብ ሰዓት።

ለሰልሰቢል ግን ዛሬውኑ ጻፍኩላት። አራት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። «ማንሻው» ብዬ ጀመርኩ፣ «ፕሮጀክተሩ» ብዬ ጀመርኩ። ዕቃ ነው የምከስሰው። በመጨረሻ፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ፊልሙን በሰከንድ 18 ምስል አድርጋችሁ ተመልከቱት።» የኔነሽ ይዛው ሄደች።


ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ወጣሁ። አልደረስኩም።

በአህያ ጋሪ፣ ከየኔነሽ ጋር። ዝርዝሩን ለጥዑመልሳን ላሳየው ኪሴ ይዤ። ሁለተኛው ኬላ ላይ አስወረዱን። ኪሴን ፈተሹ። አንዱ ወረቀቱን ገለበጠው። ቁጥሩን የጻፍኩት በአረብኛ ርዕስ ነው፣ ሰልሰቢል እንደላከችው።

«ድልድዩ… ወንዝ ዳር… እቶኑ… ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙዚቃ ነው፣ ልጄ። ደቂቃና ሰከንድ ነው።»

እያልኩ ገባኝ። መድፍ የሚነጣጠርበት ቦታም በካርታ ላይ የሚጻፈው በደቂቃና በሰከንድ ነው።

ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። እጄ ወደ ኋላ። የኔነሽን ሂጂ አሏት፤ አልሄደችም። ትጮሃለች። «ያ ጀማዓ! ይሄ ሽማግሌ ሳህን ውስጥ ያለችውን ምስር የሚቆጥር ነው! ተኪያው ሄዳችሁ ጠይቁ! እሱን ሰላይ ካላችሁ ሚዛንም ሰላይ ነው!» አንዱ ሳቀ። አንዱ ጠመንጃ አዞረባት። እሷ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች።

አለቃቸው መጣ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ሙዚቃ ነው ካልክ ዝፈነው» አለ።

በሕይወቴ ዘፍኜ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያንም ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው። አጭሩን መረጥኩ፣ «ምሳ» የሚለውን። አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ተብሎ ተጽፏል። አለቃው ስልኩን አወጣ፣ ሰዓቱን ከፈተ፣ «ጀምር» አለ።

አጉረመረምኩ። እንደ ጄኔሬተር። ወታደሮቹ ከበቡኝ። ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ግን አለቃው የያዘው ሰዓት… እያንዳንዱን ድምፅ ቶሎ ቶሎ መልቀቅ ፈለግሁ። ማምለጥ። ሌላ ሰው ሰዓት ይዞብህ እንዴት ነው ክሩ እስኪሞት የምትጠብቀው?

ጨረስኩ። ስልኩን አሳየኝ። አርባ አንድ ሰከንድ።

«አጠረብህ፣ ያ ኡስታዝ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ወረቀቱን ቀደደው። «ተመለስ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

ጋሪው ላይ የኔነሽ ውሃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስመልስላት፦ «ደስ አይልም ድምፅዎ።»


ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ጉልበቴ አብጧል። ከአልጋ አልወረድኩም። የኔነሽ ቁጥሬ ላይ ቆማ የሁለታችንንም ምስር አመጣች።


ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ከሰልሰቢል ምንም የለም። ሁለት ሳምንት። አባቷ በተሳሳተ ነገር ሰው አባርሮ እንደሞተ ነው የነገርኳት… እኔ ብሆን እመልስ ነበር?

ዛሬ ግቢውን አስር ጊዜ ዞርኩ። እየቆጠርኩ አይደለም። አስር ጊዜ።


ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ። ገና

ሁለት ወሬ በአንድ ቀን።

የኔነሽ ተኪያው ላይ ከቡሪ የመጣች ሻይ ሻጭ አገኘች፤ ኪዳነምሕረት ትባላለች። ወታደሮቹ ሻይ ስለምትሸጥላቸው ያሳልፏታል። «ጥዑመልሳን የሚባል ታውቂያለሽ?» ስትላት አላወቀችም። «ሰዓት የሌለው» ስትላት ወዲያው፦ «እሱማ አለ! የጉድጓዱን ፓምፕ የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም አይችልበትም። ደረቱን ግን ያመዋል። ሲያስለው ቆይቶ ነው የሚናገረው።»

አለ። በሕይወት አለ። የሚያውቁት ግን በእኔ ቃል ነው።

ሁለተኛው የሰልሰቢል ድምፅ ነው።  እንዲህ ትላለች፦

«ዓሞ፣ ይቅርታ ቆየሁ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ለእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ለአባቴም። ትናንት በ18 አጫወትነው። ገጠመ። አስራ አንዱም ገጠመ፣ ዓሞ! ዑድ እናሠራ ያለው ሰው ተነስቶ ቆመ። ሰዎቹ ጡቡን ተሸክመው ሲወጡ… እግራቸው ሊወርድ ሲል ክሩ ይመታል። እንዲህ ያለ ፊልም አባቴ አልሠራም፣ አላህ ይማረው፤ የአባቴ ይፈጥናል። እኔ በዚህኛው መልክ ላወጣው እፈልጋለሁ። ግን ያለ ባለሙዚቃው ፈቃድ አላደርገውም። አንዴ ሳይጠየቅ ወጥቷል፤ አሁን ሳይጠየቅ አይገባም። እስከ ጥር 30 ቃሉን ያምጡልኝ፤ ካልሆነ ያለ ሙዚቃ ነው የሚታየው።»

የኔነሽ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደግማ ሰማችው። አረብኛው ከእኔ ይልቅ ይገባታል።

«ፈቃዱን ማን ያመጣል?» አልኩ።

«ሻይ ሻጭ ሴት ታልፋለች አላልኩዎትም?»

«አንቺ አሁን ሻይ ቤት የለሽም።»

«ጀበና እና አምስት ስኒ አለኝ። ለሱዳን ወታደር ከዚያ በላይ ምን ያስፈልገዋል? ከኪዳነምሕረት ጋር እሄዳለሁ።»

እንዳትሄድ ነገርኳት። የሚተኮስበትን ቦታ ነገርኳት። ባለፈው የሆነውን አስታወስኳት። ጉልበቴን እያየች ሰማችኝ።

«እዚህ ተቀምጬስ? ግድግዳውን ከእርስዎ ጋር ልቁጠር?»


ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሐሙስ ትሄዳለች። ደብዳቤ ይጻፉ አለችኝ፤ ቅድመ ሁኔታ አላት፦ አንድም ቁጥር እንዳይኖርበት። «አንድ ዜሮ ቢያዩ እኔም ፀሐይ ላይ ነኝ። እኔ ደግሞ አልዘፍንም።»

ቁጥር የሌለበት ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ጠዋት ሙሉ ሞከርኩ። ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ ቀደድኩ። ገጽ 6 ብዬ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። መመሪያውን ስጠቅስ ራሴን እየተከላከልኩ እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው። ቁጥሩ ሲወጣ የሚቀረው ትንሽ ነው። ከባድ ግን ነው።


ጥር 8፣ ሐሙስ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች፤ ጀበናውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ደብዳቤውን ከስኒዎቹ ሥር አድርጋ። በሩ ላይ፦ «ተኪያ ሰልፍ ላይ ቁጥሬን ለሌላ እንዳይሰጡ!» ከዚያ እሷና ኪዳነምሕረት ጥጉን ዞሩ።

አሁን ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ከወጣች ወዲህ አንድም እርምጃ አልቆጠርኩም። ምን እንደጻፍኩ እንዳልረሳ፣ በኋላም እንዲህ አላልኩም እንዳልል፣ እዚህ ገለበጥኩት፦

«ለጥዑመልሳን፤

የኦመር ፊልም ላይ ሙዚቃህ የረዘመው አንተ ስላልቆጠርክ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ፊልሙን ከሚገባው ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጌ ለካሁ፤ አንተም ያየኸው ያንኑ ነው። ሰዎቹ ውሃ ውስጥ የሚሄዱ መስሎህ ነበር፤ ነግረኸኝም ነበር። ትክክል ነበርክ፤ አልሰማሁህም። የሰጠሁህን ልኬት ሳታዛንፍ ተጫውተኸዋል። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ ዘንድሮ ማወቄ ግን ጥፋቴን አያቀለውም፣ ምክንያቱም ያን ቀን ማንሻውን አይቼ ማረጋገጥ እችል ነበር። ከማረጋገጥ አንተን መስደብ ቀለለኝ። በሰው ፊት የተናገርኩት ቃል ሐሰት ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ቃል እንደሚጠሩህ ሰማሁ። እዚህ ሳጃና የቀረነውን ሐበሾች እሑድ ተኪያው ላይ ሰብስቤ እውነቱን ነግሬያለሁ፤ ጥቂት ነን። ሌሎቹን ባገኘሁበት እነግራቸዋለሁ።

የኦመር ልጅ ሰልሰቢል ፊልሙን አግኝታዋለች። አንተ ባየኸው ፍጥነት፣ ከሙዚቃህ ጋር ልታወጣው ትፈልጋለች። ሁሉም ገጥሟል። ያለ ፈቃድህ ግን አታደርገውም። እሺ ካልክ ስምህ እንዴት እንደሚጻፍ በእጅህ ጻፍላት። እምቢ ካልክም መብትህ ነው፤ ምክንያት አልጠይቅህም።

እኔ ራሴ ልመጣ ሞክሬ ነበር፤ መለሱኝ። ይህን ወረቀት ያመጣችልህ የኔነሽ ነገ ትመለሳለች። ደረትህን እንደሚያምህ ሰምቻለሁ፤ አጭር ቃል ይበቃል። ብቻ ዝም አትበለኝ። ዝምታህን እንደ እሺታ አልቆጥረውም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋትህን እንዳመንክ አድርጌ ቆጥሬዋለሁና። የምትለኝን፣ ስድብም ቢሆን፣ በወረቀቱ ጀርባ ጻፈው። ሳትውል ሳታድር፣ የኔነሽ እዚያ እያለች፣ መልስልኝ።

ይስማው»